በእማማ ኤልዳና ልብ የተመዘገበ ልጅ

እኛ ሕንፃ ውስጥ የአንዲት ሴት እርግዝና ሰባት ወር ሲሞላው ጠብ ይቆማል። የሚቆመው ነዋሪው ጨዋ ስለሆነ አይደለም። ሴትዮዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረቷ ላይ ሰሚ ታደርጋለች፤ ሰሚ ደግሞ የማይሰማው ነገር የለም። ለልጁ የመጀመሪያ ልብሱ የሚሆነው ያ ጨርቅ፣ የእናቲቱን የልብ ምት፣ ድምፅዋንና የቤቱን ኑሮ ሲለምድ ከርሞ፣ በኋላ ልጁን አቅፎ የለመደውን መልሶ ያሰማዋል። ስለዚህ ባልና ሚስት መጨቃጨቅ ካማራቸው ደረጃው ላይ ወጥተው ይጨቃጨቃሉ። አማት ምራቷን «የኔ እናት» ትላለች። ታክሲ ውስጥ ሰሚ ያደረገች ሴት ከገባች ረዳቱ እንኳን መዳረሻውን የሚጠራው በሹክሹክታ ነው። እኔ ይህን ከተማ በብዙ ነገር አማዋለሁ፤ በዚህ ግን አላማውም። ሰውን በአንድ ጨርቅ ጨዋ ማድረግ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሁሉም ይሳካለታል ማለት አይደለም። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤታችን ሚስቱ ሰሚ ባደረገችባቸው ወራት ኳስ ማየቱን አልተወም ነበር። ልጁ አሁን ካልጮኹለት አይተኛም።

የመጀመሪያ ልጃችን በተረገዘች ጊዜ ባለቤቴ ትርሲት ሁሉን በወጉ አዘጋጅታ ነበር። ካልሲው በቀለም በቀለሙ፣ መጠቅለያው ታጥቦ፣ ሳፋው ከነክዳኑ። ሰሚውንም ከደረቷ ለይታው አታውቅም። ልጅቷ ግን ሳታለቅስ ተወለደች። ባዶ እጃችንን ወደ ቤት ተመለስን።

ሰሚው ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። ጨርቅ ነውና የሆነውን አያውቅም፤ የትርሲትን ልብ ማንም በሌለበት እየመታ ሰነበተ። ከሥራ ስገባ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የገዛ ልቧን ከቁም ሣጥን ስታዳምጥ አገኛት ነበር። ላጥፋው ስላት እጄን ትይዘኛለች። ኃይሉ አልቆ ዝም ሲል አወጣችው፣ አጠበችው፣ አጣጥፋ ለሆስፒታሉ መለሰችው። ከዚያ በኋላ ስለ ልጅ ልብስ አንድ ቃል ከአፏ አልወጣም።

ሁለተኛው ሲረገዝ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው። «ሳይወለድ ምንም ነገር በዚህ በር አይገባም።»

«ካልሲ እንኳን?»

«ክር እንኳን።»

ያልተወለደ ልጅ ልብስ አይገዛም የሚሉት የድሮ ሰዎች ነበሩ፤ የድሮ ሰዎች ግን ሕጋችንን አያውቁትም። ልብ የለመደ ሰሚ የሌለው ጨቅላ ከሆስፒታል አይወጣም። የሆስፒታሉ ሰሚ እናቱ ደረት ላይ ሆኖ ልቧን እስኪለምድ ልጁ ሁለት ወር እዚያው ይተኛል፤ እናት በጉብኝት ሰዓት መጥታ በመስታወት ታየዋለች። ሕጉ ክፉ አይደለም፤ በእሱ ምክንያት ሌሊት ትንፋሹ ተቋርጦ የሚሞት ጨቅላ በከተማችን ከቀረ ቆይቷል። ግን አንድ ልጇን ሳታቅፍ የቀረች ሴት ሁለተኛውን በመስታወት ስታይ ምን እንደምትሆን ሳስበው እንቅልፌ ጠፋ። ለመለመን ሞከርኩ። ትርሲት ስትለመን የምትሰማ ሴት አይደለችም፤ ያገባኋትም ለዚያ ይመስለኛል።

ስለዚህ ሳልነግራት መገናኛ ካለው የጨቅላ ልብስ ቤት ሄድኩ።

ሻጯ ወይንሸት ትባላለች። ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «ብቻህን የመጣህ ወንድ፤ ወይ ቸኩለሃል ወይ ተጣልተሃል» አለችኝ።

«ቸኩዬ ነው።»

«እሺ፣ ሳትቸኩል ስማኝ። በአንገት የሚጠለቅ ልብስ አትውሰድ። የአራስ ልጅ አንገት ገና አንገት አልሆነም። ከጎን የሚታሰር ውሰድ። ቁልፍ ያለው ነገር አትንካ፤ ቁልፍ ይነቀላል፣ የተነቀለ ነገር ደግሞ መድረሻው አፍ ነው። ቀለሙን ነጭ አድርገው።»

«ነጭ ይቆሽሻል።»

«መቆሸሹን ማየት አለብህ እኮ። አበባ ያለበት ልብስ የልጁን ነገር ይደብቅብሃል።»

ኮፍያ፣ ፊቱን እንዳይቧጭር ጓንት፣ ካልሲ፣ ሁለት መጠቅለያ መረጥን። ሳፋውን ከክርኗ እስከ ጣቷ ለክታ ሰጠችኝ። በመጨረሻ ሰሚዎቹን አወጣች። እዚህ ላይ ማድነቄን መደበቅ አልችልም። ጣቴን ብከትበት በጣቴ ልክ ሞቀ፤ ቆየት ሲል ደግሞ የገዛ ደም ሥሬን ምት ቀስ አድርጎ መለሰልኝ። የሰው ልጅ ብዙ ከንቱ ነገር ሠርቷል። ይህን የሠሩት ሰዎች ግን እጃቸው ይባረክ።

«እናትየው የት ናት?» አለች ወይንሸት።

«ሥራ ላይ ናት።»

«ከተከፈተ በነጋታው ደረት ላይ ይዋል። ሰሚ ልብ ካጣ ይደነቁራል፤ ከዚያ በኋላ መወልወያ ነው።»

አመስግኜ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ግን በራችን ላይ እግሬ አልራመድ አለኝ። ካልሲውን ሥራ ቦታ እደብቀዋለሁ። የሚደነቁር ነገር የት ይደበቃል? ከረጢቴን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ የፊት ለፊቱ በር ተከፈተና እማማ ኤልዳና ብቅ አሉ።

የእማማ ኤልዳና ስም ልጆችን ያስቃቸዋል። የዛሬ ሰባ ዓመት ሰው ሁሉ ልጁን ኤልዳና፣ ሶልያና፣ ናታን ይል ነበርና፣ ዛሬ የሕንፃችን ባልቴቶችና ሽማግሌዎች በሙሉ እነዚህ ናቸው። የእድራችን ዳኛ አባባ ናታን ናቸው። የእኛ ወላጆች ደግሞ ወደ ድሮው ተመልሰው እኔን ናሁሰናይ፣ ሚስቴን ትርሲት ብለው አወጡልን። እማማ ኤልዳና ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ ባቡር ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸው ሐዋሳና ጅግጅጋ ሆነው በስክሪን የሚጠይቋቸው፣ ደረታቸው ውስጥ የልብ ባትሪ ያላቸው ሴት ናቸው። ሲራመዱ ቀጥ ብለው ነው፤ ሰው መንገድ ይለቅላቸዋል።

«ምን ይዘህ ነው እንደ ሌባ በገዛ በርህ ላይ የቆምከው?»

ነገርኳቸው።

«እና ልታስገባው አትችልም።»

«አልችልም፣ እማማ።»

«ብትተወው ይደነቁራል።»

«አዎ።»

«አምጣው።»

ቤታቸው አስገብተው በር ዘጉና ሰሚውን ከወረቀቱ አውጥተው እያገላበጡ አዩት። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «በአያቴ አገር ልጅ የማይበረክትላት ሴት ስትወልድ ልጇን ለጎረቤት ትሰጠው ነበር። በስም ነው እንጂ ጡት የምታጠባው እሷው ናት። ሞት ሲመጣ ‹እዚህ ቤት ልጅ የለም፣ የዚያችኛዋ ነው› ይባላል። እዚያ ሲሄድ ደግሞ አሮጊት ያገኛል። አሮጊት ቤት ልጅ ፍለጋ ማን ይገባል?»

«እርስዎ በዚህ ያምናሉ?»

«እኔ ባቡር ነጂ ነኝ። የማምነው በፍሬን ነው» አሉ። «ትርሲት ግን ታምናለች። የምትወልደውም እሷ ናት።»

ይህን ብለው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሰሚውን በቀሚሳቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ አሰሩት።

መመሪያውን አላነበብኩም። እኛ ቤት መመሪያ የምታነበው ትርሲት ናት፤ እሷን ደግሞ ልጠይቃት አልችልም። ሕጉ የሚፈልገው ልብ የለመደ ሰሚ መሰለኝ። የማን ልብ ነው ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

ትርሲት ነገሩን የደረሰችበት ቶሎ ነው። እማማ ኤልዳና ደረጃ ላይ ሲያልፏት ነጠላቸው ተንሸራቶ የሰሚውን ማሰሪያ አየች። ቤት ገብታ እራት አቀረበችልኝ። ጮኻ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ብርቱካን ልጣ በሳህን ይዛ የእማማን በር አንኳኳች። ተከትያት ስለነበር ያለችውን ሰማሁ።

«እማማ፣ እንዴት አደሩ? ልጅዎ እንዴት አደረ?»

እማማ ኤልዳና ሳቅ ሳይሉ፣ ሆዳቸውን ሳይሆን የትርሲትን ሆድ አይተው፣ «ደህና ነው፤ ሌሊት ሲራገጥ አደረ» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ትጠይቃቸዋለች። እኔን ስለ ፅንሱ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም፤ እማማን ግን ይበላ እንደሆነ፣ ይተኛ እንደሆነ፣ ማንን እንደሚመስል ትጠይቃለች። በሌላ ሰው ስም ሲሆን መጓጓት አልፈራችም። ሕንፃው ወሬውን ለመልቀም ሳምንት አልፈጀበትም። የሰባ አንድ ዓመቷ እማማ ኤልዳና አውቶቡስ ውስጥ ለነፍሰ ጡር የሚለቀቅ ወንበር ይለቀቅላቸው ጀመር። አባባ ናታን የእድር ስብሰባ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እመቤቲቱ ባሉበት ሁኔታ ስለ መዋጮ መነጋገር ነውር ነው» ብለው ስብሰባውን በተኑት። እማማ ይህን ሁሉ እንደ ንግሥት ተቀበሉት። ሎሚ አማረኝ ብለው አምስተኛ ፎቅ ያሉትን ጎረምሶች ገበያ ልከዋል።

ልጁ የተወለደው ከሰዓት በኋላ ነው። ወንድ ነው፤ አለቀሰ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ትርሲት ግን ዓይኗን ጨፍና፣ «ስጡት፣ ልብሱን ስጡት» ትላለች።

አዋላጇ ሲስተር ድንቅነሽ ሰሚውን ከእማማ ኤልዳና እጅ ተቀብላ ልጁን አለበሰችው። ማሰሪያው ራሱ ተገናኘ። ጨርቁ በሆዱ ልክ ጠበብ፣ በብብቱ ልክ ሰፋ አለና መምታት ጀመረ። ልጁ እሪታውን በመሃል ቆርጦ ወደ ድምፁ ዞረ። አፉ ተከፍቶ እንደቀረ እንቅልፍ ወሰደው። ሲስተር ድንቅነሽ በሥራዋ ብዙ ያየች ሴት ናት፤ እሷም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆማ አየችው።

ከዚያ ግድግዳው ላይ ጽሑፉ በራ። እናት፦ ኤልዳና ኃይለልዑል። ልብ፦ ጤናማ፣ እጅግ የተስተካከለ።

«ኤልዳና ማን ናት?» አለች ሲስተር።

«ጎረቤታችን ናቸው። እሳቸው ናቸው፣ በሩ ጋ ያሉት።»

እማማን አየቻቸው። ግድግዳውን አየች። «የሳቸው ዕድሜ ሴት ልብ እንዲህ አይመታም። የአሮጊት ልብ ቢሆን ኖሮ ሰሚው አይቀበለውም ነበር።»

«በባትሪ ነው፣ ልጄ» አሉ እማማ። «ሐኪሙ የሠላሳ ዓመት ሴት አድርጎ ነው የሞላልኝ።»

ሲስተር ድንቅነሽ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የሁሉም ሰው የልብ ምት ከነስሙ በከተማው መዝገብ እንዳለ፣ ልጅም የሚመዘገበው ሰሚው በሚያውቀው ልብ ስም እንደሆነ አስረዳችን። ድሮ በማዋለጃ ክፍል ልጅ ተለዋወጠ የሚባል ክስ ነበር አሉ፤ ስለዚህ ሕጉ ሰውን ትቶ ጨርቁን ያምናል። ሰው ይሳሳታል፣ ይዋሻል፤ ጨርቅ ግን ዋሽቶ ምን ይጠቀማል?

«አሁን ሁለት መንገድ አለ» አለች። «ወይ ሰሚው ይወለቅና ሌላ ሰሚ የእናቱን ልብ እስኪለምድ ልጁ እዚህ ይተኛል። ሁለት ወር ነው። ወይ ደግሞ…» ቀና ብላ እማማን አየቻቸው። «ወይ ደግሞ በሕግ እናቱ የሆኑት ሴት ይዘውት ይሄዳሉ። ወደ ቤታቸው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ልጁን እዚያ ማግኘት አለበት።»

ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የእማማ ልብ ነው፣ ልጁ ላይ። ያመጣሁት እኔ፣ ያላነበብኩት እኔ፤ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። ትርሲት ዓይኗን ገልጣ እማማን አየቻቸው። ፊቷ ላይ የጠበቅኩት እንባ ነበር፤ ያየሁት ግን እረፍት ነው።

«ልጅዎን ይውሰዱ፣ እማማ» አለች።

እማማ ኤልዳና አቀፉት። ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው ሰሚውን አስነክቶ፣ ስማቸውን አንብቦ፣ ሽበታቸውን አይቶ፣ «እንኳን ማርያም ማረችዎ» አላቸው። እሳቸውም «አሜን፣ ታኑርልኝ» አሉት።

ልጁ ማሙሽ እየተባለ እማማ ኤልዳና ቤት ኖረ። ተቆጣጣሪዋ ስትመጣ አልጋው እዚያ፣ ሳፋው እዚያ፣ ሰሚው እዚያ። ሚስቴ ኮሪደሩን ተሻግራ ታጠባዋለች፤ ስትጨርስ ለእማማ ትሰጣቸዋለች። «ልጅዎ ጠገበ» ትላለች። እኔም ልጄን ለማየት በር አንኳኳለሁ። ገንፎውን እንኳን የሕንፃው ሴቶች ለሁለት አራስ ነው የሚያገነፉት። ልጁ እንደ ባቡር ሰዓቱን ጠብቆ ይተኛል፣ ሰዓቱን ጠብቆ ይነቃል። ለጨርቁም ለሴትዮዋም የሚወጣ እንከን አልነበረም። የሚያመኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትርሲት «ልጄ» ስትል ሰምቻት አላውቅም። ይህን ስታጠባው ጭምር ነው የምላችሁ።

እንዲህ ሆኖ ወራት አለፉ። ማሙሽ ወፈረ። አንድ ቀን ጠዋት እግሩን ሲያወራጭ የሰሚው ጫፍ ተተርትሮ ሁለት ወፍራም እግሮች ወጡ። ሰሚ ከዚህ በላይ አይሰፋም፤ ልጁ ሰሚውን የሚጨርሰው እንዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ሕግም ተቆጣጣሪም የለም፤ እንደማንኛውም ሰው ተራ ልብስ ይለብሳል።

ትርሲት የተተረተረውን ጫፍ ይዛ፣ «እማማ፣ ለልጅዎ ልብስ ሊገዙለት ነው» አለች።

እማማ ኤልዳና ሰሚውን ከልጁ ገላ ፈቱት። ልባቸው ጨርቁ ላይ ጥቂት መታና ቆመ። «እኔ አልገዛም» አሉ።

«እንዴት?»

«ስንት ዘመን ባቡር ነዳሁ። አንድም ተሳፋሪ ከፌርማታው አሳልፌ ወስጄ አላውቅም። የኔ እዚህ ላይ አበቃ፣ ትርሲት። ልጅሽ ይወርዳል።»

«ገና ነው፣ እማማ» አለች ትርሲት። «ትንሽ ይቆይ። ትንሽ ይጠንክር።»

«መቼ ነው ገና የማይሆነው? ሲያገባ?» ራቁቱን ልጅ አንስተው እቅፏ ውስጥ አስቀመጡት። «ፈርተሻል፤ አውቃለሁ። እኔም ሁለቱን ሳሳድግ አንድ ቀን ሳልፈራ አላደርኩም። ፈርቶ መግዛት ነው፣ የኔ ልጅ። ሌላ መላ የለውም። አሁን ሂጂ፣ ብርድ መታው።»

ትርሲት ልጁን በጋቢዋ ጠቅልላ ቆመች። ከዚያ ማዘያ ጠየቀችኝ። ማዘያ አልነበረንም፤ ምንም ነገር በበራችን አልገባም ነበርና። የራሷን ነጠላ አጥፌ ሰጠኋት፤ ጀርባዋ ላይ አስሬላት ወጣን። በአውቶቡሱ ላይ ማሙሽ ጆሮውን በጀርባዋ ለጥፎ ዓይኑን እያንከራተተ ነበር። ያልለመደውን ልብ ማዳመጡ ይመስለኛል። አለቀሰ፤ ዝም አለ፤ ደግሞ አለቀሰ። ትርሲት እየተወዛወዘች መቀመጫውን መታ መታ አደረገችው።

የመርካቶ ልብስ ተራ በዚህ ሁሉ ዘመን አልተለወጠም። ሰው ይገፋሃል፣ ሻጭ ይጠራሃል፣ ጨርቁ የማንንም ልብ አያውቅም። ትርሲት አንድ መደብ ፊት ቆመች። ሻጩ በጀርባዋ ያለውን አይቶ በዓይኑ ለካና ትናንሽ ልብሶችን ዘረጋላት።

«ለዚህ ዕድሜ ይሄ ልኩ ነው፣ እህቴ። ለአንድ ሁለት ወር ይሆነዋል።»

አንዱን አነሳች። መለሰችው። ሌላ አነሳች፣ በእጇ ዳበሰችው፣ መለሰችው። ወደ ቤት እንመለስ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። እሷ ግን ትናንሾቹን በክንዷ ወደ ጎን ገፍታ ከኋላ ከተሰቀሉት ውስጥ አንድ ቀይ ሹራብ አወረደች። ከማሙሽ ቁመት በእጥፍ ይበልጣል።

ሻጩ ሳቀ። «እሱ እኮ የሦስት ዓመት ልጅ ልብስ ነው! ይህንን ልጅ ይውጠዋል።»

ትርሲት ሹራቡን ደረቷ ላይ ዘርግታ፣ እጅጌውን ሳብ አድርጋ ስፌቱን አየች። ከዚያ ቀና ብላ አየችው።

«ልጄ ነው» አለች። «ያድግበታል።»